የፊልሙ ሰይፍና የእውነቱ ሰይፍ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ በፊልም ሁለት ሰይፈኞች ደቂቃዎች ሙሉ ብረት ከብረት እያጋጩ ይቆያሉ። ጓደኛዬ «የእውነቱ ውጊያ እንዲህ አይደለም» ይለኛል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዒላማው ላይ ነው። በፊልም ተዋናዩ የሚሰነዝረው ወደ ባላጋራው ሰይፍ ነው። የተሰነዘረበት ሰው ምንም ሳይመክት ቢቆም እንኳ ስለቱ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይነካውም። ይህ ለተዋንያኑ ደኅንነት ግድ ነው፤ ለካሜራም ይመቻል። በእውነተኛው ጥበብ ግን ምቱ የሚሄደው ወደ ራስ፣ ወደ አንገት፣ ወደ ክንድ ነው። ሰይፍና ሰይፍ የሚገናኙት አንደኛው ሊመጣበት ያለውን ለማስቀረት መሐል ስለገባ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ርቀት ይመጣል፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የሠለጠኑ ሰዎች ሲጀምሩ የሚቆሙት አንድ እርምጃ ካልገቡ በማይደራረሱበት ቦታ ነው። ማጥቃት የፈለገ ያን እርምጃ መግባት አለበት፤ አደጋውም ያለው እዚያች እርምጃ ላይ ነው። እንግሊዛዊው የሰይፍ ጥበብ ጸሐፊ ጆርጅ ሲልቨር እ.ኤ.አ. በ1599 ባሳተመው መጽሐፉ እጅ ከእግር ይቅደም ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። እግር ቀድሞ ከገባ ሰውነት ባላጋራው በሚደርስበት ቦታ ይገኛል፤ ሰይፉ ግን ገና ማንንም አያስፈራም። ጀማሪዎች ደጋግመው የሚመቱት በዚህ ስሕተት ነው። በፊልም የምናየው ዞሮ መምታትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ የሚዞረው ሰው በባላጋራው መድረሻ ውስጥ ሆኖ ጀርባውን ይሰጣል፣ ዓይኑም ከባላጋራው ሰይፍ ይለያል።

ሰይፎቹ ከተገናኙ በኋላ የሚሆነውን ፊልም ጨርሶ ይዘለዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከጀርመናዊው የሰይፍ መምህር ከዮሐንስ ሊሽተናወር ትምህርት አንድ ምት ብቻ እንውሰድ፤ «የቁጣ ምት» ይባላል። ባላጋራዎ ከቀኝ ትከሻው በሰያፍ ወደ ታች ሲሰነዝር እርስዎም ከቀኝ ትከሻዎ በሰያፍ ወደ እርሱ ይሰነዝራሉ፤ ቀኝ እግርዎም ምቱን ተከትሎ ይገባል። ሰይፎቹ ሲገጥሙ ጫፍዎ ፊቱ ላይ እንዳነጣጠረ መቅረት አለበት። አሁን የሚያገለግለው ዓይን ሳይሆን እጅ ነው። የባላጋራዎ ሰይፍ ለስላሳ ሆኖ ከተሰማዎ ወዲያው ወደፊት ይወጋሉ። ጠንክሮ ወደ ጎን እየገፋ ከሆነ ግን አይታገሉት፤ ሰይፍዎን ከባላጋራዎ ሰይፍ ጫፍ በላይ አንሥተው በሌላው ወገን ይመታሉ። ጉልበቱን ባዶ ስፍራ ላይ ስለጣለው ለመመለስ ይዘገያል። ይህ ሁሉ ከአንድ ትንፋሽ አይረዝምም።

ሲመክቱም የትኛው የስለት ክፍል እንደሚገናኝ ይወስናል። ለእጀታው የቀረበው ክፍል ብርቱ ነው፣ ወደ ጫፉ ያለው ደካማ። በጫፉ አካባቢ የመከተ ሰው ሰይፉ ተገፍቶ ምቱ ያገኘዋል።

ሌላም አለ። ፊልም ላይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተመታተው ሲወድቁ ብዙም አናይም፤ በልምምድ ግን ከሁሉ የሚያስቸግረው ጉዳይ ይህ ነው። ኢፔ በሚባለው የኦሎምፒክ የሰይፍ ውድድር የሁለቱ ተጋጣሚዎች ንክኪዎች ከ40 ሚሊሰከንድ ባነሰ ልዩነት ከተከሰቱ ለሁለቱም ነጥብ ይመዘገባል። በተሳለ ብረት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ሙት ናቸው። ስለዚህ ጥሩ መምህር «መታኸው?» ብሎ አያበቃም፤ «መትተህ ስትወጣ ሰይፍህ የት ነበር?» ይላል።

ጥያቄ፦ የጥንት ሰይፍ 10 ኪሎ ይመዝን ነበር የሚባለው እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አይደለም። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የአንድ እጅ ሰይፍ 1 ኪሎ ገደማ ነው። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅም ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ይመዝናል። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ግዙፍ የጦር ሜዳ ሰይፎች እንኳ ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ነበሩ። ለጌጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ከባድ የሚሆኑት ከእጀታ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ስላላቸው ነው። የእውነቱ ስለት ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ክብደቱም ወደ እጅ ይሰበሰባል። ረጅም ሰይፍ በጣት ላይ ሲመዘን ከእጅ መከለያው 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ በጃፓን አኒሜ አንዱ ሰይፉን ከጀርባው ይመዛል፤ ሌላው በአፎቱ እንዳለ ቆይቶ መዝዞ በዚያው ይቆርጣል። የትኛው እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለተኛው። ከጀርባ መምዘዝን ክንድ ራሱ ይከለክለዋል፤ እጅ ከትከሻ በላይ ተዘርግቶ ሊስብ የሚችለው ከክንድ ርዝመት አይበልጥም፣ 90 ሴንቲ ሜትር ስለት ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ቢወጣስ ሳያዩ ወደ አፎቱ እንዴት ይመለሳል?

መዝዞ መቁረጥ ግን በጃፓን ኢያይ የሚባል ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ካታና የሚባለው የጃፓን ሰይፍ በመቀነት የሚታጠቀው ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ነው። የግራ አውራ ጣት የእጅ መከለያውን ገፋ አድርጎ ስለቱን ከአፎቱ አፍ ያላቅቃል። ቀኝ እጅ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይስባል፣ መጨረሻው ላይ ይፈጥናል። ፍጥነቱን የሚሰጠው ምሥጢር ግራ እጅ ነው፤ አፎቱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ስለዚህ ጫፉ ቀኝ ክንድ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ነጻ ይወጣል። ጀማሪን የሚያቆስለውም ይኸው ግራ እጅ ነው፦ ጣቶቹ የአፎቱን አፍ ስለቱ ባለበት በኩል ከጨበጡና አመዛዘዙ ከተጣመመ፣ ስለቱ እንጨቱን ሰንጥቆ ጣት ይቆርጣል። ለጀማሪ የሚሰጠው ከዚንክና አሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ፣ ያልተሳለ የመለማመጃ ሰይፍ የሆነው ለዚህ ነው። ሰይፈኛው ጀርባውን ሰጥቶ በርጋታ ሲሄድ ባላጋራው ዘግይቶ የሚወድቅበት ትዕይንት ግን ከትምህርቱ ጋር ይጋጫል። የተቆረጠ ሰው ወዲያው ላይወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ኢያይ ከምቱ በኋላም ዓይንና ጫፍ ከባላጋራው እንዳይነሡ ያስተምራል።

ጥያቄ፦ ጥሩር (የብረት ልብስ) የለበሰ ወታደር በአንድ የሰይፍ ምት ሲሰነጠቅ እናያለን። ይቻላል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አይቻልም፤ ከብረት ሠሌዳ የተሠራን ጥሩር ሰይፍ አይቆርጠውም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመንና የኢጣሊያ መምህራን መፍትሔያቸው ሌላ ነበር። ቀኝ እጅ እጀታውን እንደያዘ ግራ እጅ የስለቱን መካከል አጥብቆ ይጨብጣል፤ ሰይፉ አጭር ጦር ይሆናል። ጫፉም ወደ ብብት፣ ወደ ዓይን ቀዳዳ፣ ወደ መዳፍ ውስጠኛ ክፍል ይላካል። ወይም ሁለቱም እጆች ስለቱን ይዘው በእጀታው ጫፍ እንደ መዶሻ ይመታሉ። ስለት የሚቆርጠው ሲንሸራተት ስለሆነ እጁ የሚተርፈው ጭብጡ ጭራሽ ካልላላ ነው። በተሳለ ብረት ቤት ውስጥ እንዳይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሾተል በቪዲዮ ጌም ጋሻን አልፎ ሲመታ አየሁ። ፈጠራ ነው ወይስ እውነት? (ከጎንደር)

መልስ፦ መሠረቱ እውነት ነው። የሾተል ስለት እንደ ማጭድ የጎበጠና ሁለት አፍ ያለው ሲሆን፣ ጉብጠቱ በባላጋራው ጋሻ ጠርዝ ላይ ዞሮ ጫፉን ከጋሻው በስተጀርባ ለማድረስ ያገለግላል። ጌሙ የማያሳየው የዚህን ዋጋ ነው። ጫፉ ከእጅ መስመር ርቆ ስለሚገኝ ምቱ ትንሽ ከተዛባ እጀታው መዳፍ ውስጥ ይዞራል፣ ስለቱም በጎኑ ያርፋል። እጀታው እጅን የሚከልል ብረት የለውም፤ ስለዚህ በሾተል መመከት ጣትን ማስበላት ነው። መመከቱ የግራ እጅ ሥራ ነው፣ ማለትም የክቡ የቆዳ ጋሻ። ሾተልን ያለ ጋሻ ለብቻው የሚያሳይ ማንኛውም ትዕይንት ግማሹን ጥሏል። አንድ ዝርዝር ለሥዓልያንና ለአልባሳት አዘጋጆች፦ የአገራችን ተዋጊ ሰይፉን የሚታጠቀው እንደ አውሮፓውያን በግራ ሳይሆን በቀኝ ጎኑ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩ የብዙ ጎራዴዎች ስለትም ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጣ ነው፤ እጀታው እዚሁ ተገጥሞለታል።

ጥያቄ፦ የወጣቶች ቴአትር ቡድን አለን፤ የጎራዴ ውጊያ ያለበት ተውኔት እያዘጋጀን ነው። እውነት እንዲመስል፣ ሰውም እንዳይጎዳ ምን እናድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመሣሪያው ጀምሩ። ከስጦታ ዕቃ መደብር የተገዛ የጌጥ ሰይፍ ይዛችሁ መድረክ ላይ አትውጡ። ብዙዎቹ ወደ እጀታው የሚገባው ክፍላቸው በብየዳ የተቀጠለ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ብየዳው ሲለቅ ስለቱ ወደ ተመልካች ይወረወራል። ብረት ካስፈለገ ከመኪና ባሌስትራ አንጥረኛ እንዲሠራላችሁ አድርጉ። ስለቱና ወደ እጀታው የሚገባው ክፍል አንድ ወጥ ብረት ይሁኑ፤ ጠርዙ ዶልዱሞ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይወፍር፣ ጫፉም ይክበብ። አቅም ካነሰ የወይራ ዱላ ይበቃል።

ከዚያ ምቱን ከታሪኩ ጋር አስማሙት። 20 ምት ከምትደረድሩ 5 ምት አድርጉና ከእያንዳንዱ በፊት ርቀት የሚለካኩበትን ዝምታ ስጡት፤ ተመልካች የሚፈራው ያኔ ነው። ተዋንያኑ እጃቸውን ዘርግተው እንኳ ጫፉ ከባላጋራው ደረት አንድ ስንዝር እንዲቀር ቦታቸውን ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ወደ ባላጋራ ገጽ አትሰንዝሩ። የመውጋት ትዕይንት ካለ ጫፉ ከወገብ ውጭ፣ ተመልካች በማያይበት ጎን ይለፍ።

የሚሰነዝረው ሰው የባላጋራውን ዓይን አይቶ ዝግጁ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይጀምር። መጀመሪያ በሩብ ፍጥነት፣ ሳይሳሳቱ ሲደጋግሙት በግማሽ ተለማመዱ፤ መድረክ ላይም ከሦስት አራተኛ ፍጥነት አትለፉ። አደጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ምሽት ነው፤ ተዋናዩ በጭብጨባው ተነቃቅቶ ይፈጥናል፣ ባላጋራው ደግሞ በልምምዱ ፍጥነት ላይ ነው። ስለዚህ በየምሽቱ መጋረጃ ከመከፈቱ በፊት ውጊያውን አንድ ጊዜ በዝግታ ይከውኑት። ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላም ጠርዙን በጨርቅ ዳብሱት። ጨርቁን የሚይዝ ጥርስ ካለ በሞረድ አለስልሱ፤ ስንጥቅ ያለበትን ግን ከነጭራሹ አስወግዱት።