ከፍታውን ያስቀድሙ፦ ስለ ኪት አውሮፕላን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የግል አብራሪነት ፈቃዴን በቅርቡ አግኝቻለሁ። ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሮታክስ 912 ሞተር የሚገጠምለት ባለ ሁለት መቀመጫ ኪት (ክፍሎቹ ተገዝተው በግል የሚገጣጠም አውሮፕላን) መርጫለሁ። ለአዲስ አበባ ይበቃኛል?

መልስ፦ ብቻዎን ሲበሩ ሊበቃ ይችላል። ሰው አሳፍረው፣ ታንክ ሞልተው ግን አይመኑት። ካታሎግ ላይ የሚያዩት የመነሻ ርቀትና የመውጣት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለልና ለ15 ዲግሪ ሙቀት የተሰላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ቀትር ሙቀቱ 24 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በመደበኛ ቀን ከ10,000 ጫማ (3,000 ሜትር ገደማ) በላይ የሚገኘውን ያህል ይሳሳል። ያን ጊዜ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ባለ 100 ሞተር የሚሰጥዎ 70 ያህል ብቻ ነው። ፕሮፔለሩና ክንፉ የሚይዙት አየርም ስለሚሳሳ ጉዳቱ ይደራረባል።

ለአዲስ አብራሪ ከሁሉም የሚያሰጋው ማረፊያው ላይ ነው። የፍጥነት መለኪያው 50 ኖት (በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲያሳይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በመሬቱ ላይ የሚሄዱት 58 ያህል ነው። መሬቱ ከወትሮው ሲፈጥንበት ብዙ ሰው ሳያስበው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ፍጥነቱን ይገድላል፤ ክንፉም መሸከሙን ያቆማል። ዓይንዎን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን ይመኑ። ካረፉ በኋላ የሚያስፈልገው ሩጫም ከሲሶ በላይ ይረዝማል።

ስለዚህ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚያርፍ ሰፊ ክንፍ፣ የአፍንጫ ጎማ፣ አቅም ካለም ተርቦ ይምረጡ። ሮታክስ 914 ለአምስት ደቂቃ 115፣ ያለማቋረጥ ደግሞ 100 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ፕሮፔለሩ የቅጠሎቹ ዘንበል (ማዕዘን) መሬት ላይ የሚስተካከል ይሁን። በአግድም በረራ ሙሉ ጋዝ ሰጥተው ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ዙር ካልደረሰ የቅጠሎቹን ዘንበል ይቀንሱ፤ ከ5,800 ካለፈ ይጨምሩ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ አሉሚኒየም፣ ጨርቅ ወይስ ፋይበርግላስ? ቦታዬ የአንድ መኪና ጋራዥ ነው።

መልስ፦ ቀዳዳው በፋብሪካ የተበሳ አሉሚኒየም። ኤፖክሲ ሙቀትና ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ በሐምሌ ሌሊት ብርድና እርጥበት ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ላዩም ቅባት መሳይ ነገር ያወጣል። ያንን ሳያጥቡና ሳይፍቁ ቀጣዩን ድርብ ከቀቡ አይያያዝም። ላሜራ ግን ክረምትን አይፈራም። በሚሳብ ሪቬት (ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ ምስማር) የሚሰሩ እንደ አርቪ-12 ያሉ ኪቶችን ይመልከቱ፤ በአየር መዶሻ ከሚመታው ሪቬት ይልቅ ድምፁ ለጎረቤት ይቀላል። የአርቪ-12 ክንፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ያህል ናቸው፣ ነገር ግን ይነቀላሉ። ጭራ፣ ክንፍ፣ አካል እያሉ በየተራ ቢሰሩ ጋራዡ ይበቃል። ከማዘዝዎ በፊት የግቢዎን በር ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን መታጠፊያ ጭምር ይለኩ፤ ያለቀው አካል ጎማ ላይ ቆሞ የሚወጣው በዚያው ነው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የመታሁት ሪቬት ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ)። የተመታው ጫፍ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል ጊዜ፣ ከፍታው ደግሞ ግማሹን ያህል መሆን አለበት። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት 4.8 ስፋትና 1.6 ከፍታ ማለት ነው። ብዙ ከተመታ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ በንዝረት ይላላና ዙሪያውን ጥቁር ጭስ መሳይ መስመር ያሳያል። የቀዳዳው መሃል ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ይራቅ። የተበላሸውን ሲያወጡ በትራፓኖ ጭንቅላቱን ብቻ ይብሱ፤ ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ አንድ ደረጃ ወደሚወፍር ሪቬት ይሂዱ። መጀመሪያ ግን ቁርጥራጭ ላሜራ ላይ መቶ ያህል መትተው ይለማመዱ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ተራ ቤንዚን ይሆናል?

መልስ፦ ባለ 100ው 912 ኦክቴን 95 ይጠይቃል፤ ባለ 80ው በ90 ይሰራል። እርሳስ ያለበትን የአውሮፕላን ቤንዚን አዘውትረው ከተጠቀሙ ዘይቱን በየ50 ሰዓቱ ይቀይሩ።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ከውጭ ግማሹ የተሰራ ኪት በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ የሥራው መዝገብና ፎቶ ከሌለው አይግዙ። የተዘጋ ክንፍ ውስጥ ያለውን ሪቬት ማየት አይቻልም። የአርቪ ኪት ከሆነ ክፍሎቹ መቼ እንደተላኩ ይጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እና 2023 የተላኩ አንዳንድ ክፍሎች ቀዳዳቸው በሌዘር የተቆረጠ ስለነበር፣ ለሪቬቱ ጭንቅላት ዙሪያቸው ሲጎደጎድ ስንጥቅ ታይቶባቸዋል። አምራቹ ቫንስ በታኅሣሥ 2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የዕዳ ከለላ ሲጠይቅ፣ ገንዘብ አስቀድመው የከፈሉ ደንበኞች ዋጋ ተጨምሮባቸዋል። አዲስ ኪትም ቢሆን ሙሉውን በአንድ ጊዜ አይክፈሉ፤ ከጭራው ይጀምሩ። ከዚያም በፊት ወደ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄደው፣ በግል የተሰራ አውሮፕላን እንዴት እንደሚመዘገብ፣ በየደረጃው ማን እንደሚፈትሸውና የሙከራ በረራው የት እንደሚፈቀድ በጽሑፍ መልስ ይያዙ።