ሻንጣ ውስጥ የተረሳ ዕቃና የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ፦ ጠይቁኝ

ለዓመታት ኤክስሬይ ፊት ተቀምጬ የመንገደኛ ሻንጣ ፈትሻለሁ። አሁን ሥራውን ትቼ አራት ኪሎ እኖራለሁ። የሰፈሬ ሰው ሊጓዝ ሲል ሻንጣውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ዛሬ ሁላችሁም ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ቢላ ረስቼ በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ብገኝ እታሰራለሁ?

መልስ፦ የማጀት ቢላ፣ መቀስ ወይም ሰንጢ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ይቀራል፣ አንተ ትሄዳለህ። ቦሌ ሁለት ጊዜ ነው የምትፈተሸው። ሕንፃው መግቢያ ላይ ከተገኘብህ ገና ሻንጣ አላስረከብክም፤ ወደሚጫነው ታዛውረዋለህ። ሁለተኛው ፍተሻ ላይ ግን ሻንጣህ ሄዷል። ነገር የሚያበላሸው ድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ «የኔ አይደለም» ይላል፤ ያኔ ጥርጣሬ ይመጣል። «ረስቼው ነው» በል፣ እውነቱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ቦርሳዬን ተውሶ አገር ቤት ሄዶ ነበር። ሲመልስልኝ ኪሱ ውስጥ አንድ ጥይት አገኘሁ። ባላየውስ ኖሮ?

መልስ፦ እንኳን አየሽው እህቴ! ጥይት እንደ ቢላ አይታለፍም። አንድ ፍሬም ብትሆን ፖሊስ ይጠራል፣ ቃል ትሰጫለሽ፣ በረራውም ሊያመልጥሽ ይችላል። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ጥይትንም ይመለከታል። ያዋስሽውን ቦርሳ ሁሌም ገልብጠሽ አራግፊ። ኪሱን በዓይንሽ ብቻ አትመኚ፣ በእጅሽ ዳብሺው። ገበሩ የተቀደደ ከሆነ ከሥሩ እዪ፤ ብዙ ነገር እዚያ ገብቶ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ናት። ማርና ቅቤ በእጄ ብይዝላት ምን አለበት? ፈሳሽ አይደሉም እኮ።

መልስ፦ እናቴ፣ በዚህ ነገር ፍተሻ ላይ ያለቀሱ እናቶች አይቻለሁ፤ እስካሁን ያሳዝነኛል። ለፍተሻ ማርም ቅቤም ከፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። በእጅ ሲያዝ አንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ መሆን የለበትም። ደንቡ የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2006 እንግሊዝ ውስጥ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላን ሊያጋዩ ያሰቡ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። የማሽኑንም ነገር ልንገርዎት። ብረት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ምግብና የመሳሰለው ብርቱካናማ። ብዙ ፈንጂም ብርቱካናማ ነው። ፈታሹ የእርስዎን ድካም አያይም፣ ጠርሙስ ሙሉ ብርቱካናማ ነገር ነው የሚያየው። ስለዚህ ማሩንም ቅቤውንም በደንብ አሽገው በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት። በርበሬና ሽሮውንም እንዲሁ፤ ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ መያዝ ተጨማሪ ፍተሻ ያመጣል፣ ሊከለከልም ይችላል። ሲደርሱ ምግብ መያዝዎን ሳይደብቁ ይናገሩ። ቋንጣውን ግን እዚሁ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክስ?

መልስ፦ በእጅ ብቻ። በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፣ እሳት ቢነሳ ደርሶ የሚያጠፋው የለም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል። ላዩ ላይ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) የሚለው 74 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፣ አትስጋ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ሌሊት ለንደን እበራለሁ። አንድ ወዳጄ ለወንድሙ የታሸገ ዕቃ ሰጥቶኛል። «የሻይ ቅጠል ነው» ብሏል። ልክፈተው እንዴ? ይሉኝታ ያዘኝ።

መልስ፦ ክፈተው ወንድሜ! ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄን ነው። የደረቀ ጫት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ በየሱቁ ስለሚሸጥ ሰው ወንጀል አይመስለውም። እንግሊዝ ግን እንደ ፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። ሻንጣህ ውስጥ ከተገኘ ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ሰጪው እዚህ ቤቱ ተኝቷል። ወዳጅህን አሁኑኑ ደውልለትና እሱ ባለበት ክፈቱት። ካፈርክ 12 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ሁለታችሁም ኑ፣ እኔ እከፍተዋለሁ።