አሠልጣኙ ልጃችንን በመኪናው አላደርስም ካለ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ ከተማ አቅራቢያ የምንኖር ቤተሰብ ነን። የ14 ዓመት ልጃችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በአንድ የወጣቶች የአገር አቋራጭ ስኪ (በበረዶ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) ክለብ ውስጥ ይለማመዳል። ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴን ብዙም አላማከርሁትም። እርሱ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ይሮጥ ስለነበር ልጁም እንዲሮጥለት ይመኝ ነበር። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ስለሚሠራ አንድ ምሽት ልጁን ከልምምድ የሚያመጣው ሰው አጣን፤ አሠልጣኙንም «ቤታችን በመንገድህ ነውና እባክህ አድርስልን» ብሎ በስልክ ለመነው። አሠልጣኙ «ብቻውን ይዤው መሄድ አልችልም» አለ፤ እኔ ከሥራ አስፈቅጄ እስክደርስ ግን ከሌላ ልጅ እናት ጋር ሆኖ አብሮት ቆየ። ባለቤቴ «ልጄን መኪናው ውስጥ ማስገባት ተጸየፈ» ብሎ ቂም ያዘ። ባለፈው ወር ደግሞ ለውድድር ወደ ዊስኮንሲን በሄዱበት ልጃችን ከመኝታ ሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞ ሌላ ክፍል ውስጥ ስለተገኘ ከሁለት ውድድሮች ታገደ። ልንቀበለው በሄድንበት ባለቤቴ በወላጆች ሁሉ ፊት «ጥቁር ስለሆነ ነው» ብሎ አሠልጣኙ ላይ ጮኸ። አሠልጣኙ ሁለታችንም የፈረምንበትን የሥነ ምግባር ደንብ አወጣና አሳየን። ልጃችን ያንን ወረቀት ሲያመጣልን «የልብስ ዝርዝር ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሙ» ብሎን ነበር። በማግስቱ ለአሠልጣኙ የይቅርታ መልእክት መላኬን ባለቤቴ አየብኝ። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በልጁ በኩል ብቻ ነው። ለቤቴ ሰላም ስል ልጁን ከክለቡ ላውጣው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መልሴን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። ልጁን አሁን ከክለቡ አያውጡት። በኩርፊያ መካከል ብታስወጡት ልጁ የሚረዳው «የተጣሉት በእኔ ምክንያት ነው፣ ዕዳውንም የከፈልሁት እኔ ነኝ» ብሎ ነው። የውድድሩ ወቅት አልቆ፣ ሦስታችሁም ተረጋግታችሁ ተወያይታችሁ፣ ስኪው አይጠቅመውም ብትሉ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቅያሜው የተጀመረው ከእገዳው በፊት፣ በዚያ ምሽት በመሆኑ እኔም ከዚያው እጀምራለሁ። እኛ ባደግንበት ልማድ ልጅ በብርድ ቆሞ እያዩ መኪና አስነሥቶ መሄድ ነውር ነው፤ ሊፍት መስጠት ደግሞ ለማንም የማይከለከል ትንሽ ውለታ ነው። ባለቤትዎ ሌሊት ሙሉ ሠርተው የሚያድሩ አባት ናቸው፤ ልጃቸውን ራሳቸው ማምጣት ባለመቻላቸው ሳይከፋቸው አልቀረም። ሰው ለምኖ እምቢ መባሉ ደግሞ በዚያ ላይ ተጨመረ። ስለዚህ የተሰማቸው ውርደት እውነተኛ ነው፤ ለምን እምቢ እንደተባሉ ግን የነገራቸው የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአሜሪካ የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ብዙ ታዳጊ ስፖርተኞችን ለዓመታት በወሲብ ሲያጠቃ መኖሩ ከተጋለጠ በኋላ፣ ታዳጊ ስፖርተኞችን ከጥቃት ለመጠበቅ የወጣው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ጸደቀ። ሕጉ በስፖርቱ ውስጥ የሚሠሩ አዋቂዎች በልጅ ላይ ጥቃት እንደደረሰ ከጠረጠሩ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክቱ ያስገድዳል። ከሕጉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዴንቨር ሥራ የጀመረው፣ ስፖርተኞችን ከጥቃት የሚጠብቀው ሴፍስፖርት የተባለው ማዕከል ደግሞ በብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ሥር ያሉ ክለቦች የሚመሩባቸውን ደንቦች አውጥቷል። በእነዚህ ደንቦች መሠረት አሠልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያያቸውና ገብቶ ሊያቋርጣቸው በማይችልበት ስፍራ ለብቻው መሆን አይገባውም። በመኪና ሲያጓጉዝ ሌላ አዋቂ ወይም ቢያንስ ሁለት ልጆች አብረው እንዲኖሩ ይጠበቃል። ለልጁ መልእክት ሲልክ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ እንዲያየው ያደርጋል፤ በጉዞ ላይም ከልጁ ጋር በአንድ የሆቴል ክፍል አያድርም። ልጆችን የሚያጠቁት አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቋቸውና የሚያምኗቸው ሰዎች በመሆናቸው ደንቡ ደጉንም ክፉውንም አሠልጣኝ በአንድ ዓይን ያያል። ግልጹን ልናገርና፣ አሠልጣኙ ያን ምሽት «ችግር የለም» ብሎ ልጅዎን ለብቻው ይዞ ቢሄድ ኖሮ፣ እኔ ዛሬ የምጽፍልዎ ስለሌላ ሥጋት በሆነ ነበር። ሌላ እናት አስቁሞ እርስዎ እስኪደርሱ መጠበቁንም ለባለቤትዎ ንገሯቸው፤ ጥሎት አልሄደም።

ስለ ዘር የተነሣውን ነገር ግን «ደንብ ነው» ተብሎ እንዲታለፍ አልፈልግም። በስኪው መንገድ ላይ ብቸኛው ጥቁር ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ልጅዎ ነው፤ ባለቤትዎም ይህን ጥርጣሬ ከአየር ላይ አላመጡትም፣ በዚህ አገር ጥቁር ሆኖ የኖረ ሰው ዓይኑን መክፈት ይማራል። ይሁን እንጂ የመኪናው ጉዳይና የእገዳው ጉዳይ ለየብቻ መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ለሁሉም ልጅ የወጣ ደንብ ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ትክክለኛ ጥያቄ አለ፦ በዚያ ክፍል የተገኙት ሌሎች ልጆች ምን ተደረጉ? ክለቡ የሌላ ቤተሰብ ልጅ ገመና ነው ብሎ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ላይነግራችሁ ይችላል፤ ቅጣቱን ማን እንደወሰነ፣ ለዚህ ዓይነት ጥፋት የተለመደው እርምጃ ምን እንደሆነና ይግባኝ የሚባልበት መንገድ መኖሩን ግን ሊነግራችሁ ይገባል። ልጁንም ከአባቱ ጩኸት ርቆ፣ ምናልባት መኪና ውስጥ ፊት ለፊት ሳትተያዩ፣ «ልጆቹ ስለ ቀለምህ ወይም ስለ አገርህ የሚሉህ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁት። አለ ካለዎት ያ ከመኝታ ሰዓት ጋር ሳይቀላቀል ለክለቡ በጽሑፍ የሚቀርብ ራሱን የቻለ አቤቱታ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ የያዘኝ እርሱ ነው። ደንቡን የፈረማችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፣ ውስጡ ያለውን ያወቀው ግን ልጁ ብቻ ነው። በስደት በሚኖሩ ብዙ ቤቶች ልጅ ቋንቋውን ከወላጆቹ ቀድሞ ስለሚለምድ ሳይታሰብ የቤቱ አስተርጓሚ ይሆናል፤ የባንኩን ደብዳቤ ያነባል፣ ለሐኪሙ ይናገራል፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት «ይህን ፈርሙ» ይላል። ይህ አንዳንዱን ልጅ ኃላፊነት ያስለምደዋል፤ ነገር ግን ወላጅ ማወቅ የሚገባውን የሚመርጠው ልጁ ከሆነ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። አሁን ደግሞ እርስዎና ባለቤትዎ የምትነጋገሩት በእርሱ በኩል መሆኑን ጽፈውልኛል። ለክለቡ አስተርጓሚ የነበረው ልጅ አሁን ለአባትና ለእናቱም አስተርጓሚ ሆኗል ማለት ነው፤ ይህ የ14 ዓመት ልጅ ሊሸከመው የማይገባ ሸክም ነውና ዛሬውኑ አውርዱለት። «እራት ቀርቧል በለው» የሚለውን እንኳ እርስዎ ራስዎ ለባለቤትዎ ይበሉ፤ መልስ ባያገኙም ይበሉ።

«የልብስ ዝርዝር ነው» ማለቱ ውሸት ነው፤ ሳይነገር መታለፍም የለበትም። የዋሸበትን ምክንያት ግን ልገምት፦ አባቱ ስኪውን እንደማይወዱት ያውቃል፤ ረጅሙን ወረቀት በአማርኛ ማስረዳት ቢጀምር «ሆቴል ማደር ምንድን ነው? ከማን ጋር? ማን ፈቀደ?» የሚል ጥያቄ ሊከተል እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ አጭሩን መንገድ መረጠ። ለክፍሉ ጉዳይ ክለቡ ቀጥቶታልና እናንተ በዚያው ላይ ሁለተኛ ቅጣት አትጨምሩ። በቤት የሚጠየቀው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ካሣውም ያንኑ ደንብ አብሯችሁ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንዲያነብላችሁ ይሁን። ያን ቀን እንግሊዝኛም አማርኛም በደንብ የሚችል አዋቂ ዘመድ ወይም ወዳጅ አብሮ ይቀመጥ፤ በልጁ ትርጉም ላይ ብቻ እንዳትደገፉ።

ስታነቡት እንግዳ የሚሆንባችሁ ነገር ከምታስቡት ያነሰ ይመስለኛል። የወጣት ስኪ ክለቦች ደንብ በብዛት የሚናገረው እኛም ልጅ ስንቆጣ ስለምንለው ነው፦ ሰዓት ማክበር፣ አሠልጣኝን፣ ዳኛንና ጓደኛን ማክበር፣ ከአልኮል፣ ከሲጋራና ከቬፕ (ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) መራቅ፣ ደካማውን አለማንጓጠጥ፣ አዲስ ልጅን በማዋረድ «አቀባበል» አለማድረግ፣ ዕቃን መያዝ፣ ከቡድኑ ተነጥሎ ጫካ ውስጥ አለመቅረት። ብርድ ቀልድ ስላልሆነ አለባበስም ደንብ ይሆናል፤ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ውድድሮች እንኳ የመንገዱ ቀዝቃዛ ቦታ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ይራዘማሉ ወይም ይሰረዛሉ። የመኝታ ሰዓቱም ከዚህ የራቀ አይደለም። በማግስቱ በዚያ ብርድ የሚወዳደር ልጅ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የሌላ ሰው ልጆች አደራ ያለባቸው ሁለትና ሦስት አሠልጣኞችም ማታ ማን የት ክፍል እንዳለ ማወቅ አለባቸው። ስልክና የልጆች መኝታ ክፍል አንድ ላይ ሲገናኙ የሚመጣውን መዘዝ ደግሞ እናት ለሆኑት ለእርስዎ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ብዙ ክለቦች ለወላጆችም ደንብ አላቸው፤ ወላጅ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ልጁን እንዳያሠለጥን፣ ቅሬታም ካለው ከውድድሩ በኋላ አንድ ቀን አሳልፎ ለብቻው እንዲያቀርብ ይላል። የአንድ ቀን ትዕግሥቱ ለወላጅም ለአሠልጣኝም ክብር ይጠብቃል። ባለቤትዎ ፈርመው ያላነበቡት ይህንንም ሊሆን ስለሚችል፣ ወረቀቱ በሰው ፊት ሲወጣባቸው የተሰማቸው ኀፍረት ከቁጣቸው ይበልጥ ይመስለኛል። ኀፍረት ያደረበት ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል።

እዚህ ላይ እርስዎንም የሚመለከት ነገር አለ፤ ቅር እንዳይሰኙብኝ። የላኩት ይቅርታ በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ለባለቤትዎ ሳይነግሩ በእርሳቸው ስም ይቅርታ መጠየቅዎ፣ ልጁን ሳያማክሯቸው ክለብ ከማስገባትዎ ጋር ሲደመር፣ «በዚህ ቤት ስለ ልጄ የምጠየቀው ነገር የለም» የሚል ስሜት ሳይፈጥርባቸው አልቀረም። ጩኸታቸውን ትክክል አያደርገውም፤ ዝምታቸውን ግን ያስረዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቃል ከእርስዎ ልጠብቅ። የሌሊት ሥራ ላይ ያለ ሰው ጠዋት ገና እንደገባ ስለ ከባድ ነገር አይናገሩት፤ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ፣ ልጁ በሌለበት ይሁን። ስለ ወረቀቱም ስለ ጩኸቱም አያንሱ። «ያን ምሽት እምቢ ሲልህ ምን ተሰማህ? ሳልጠይቅህ ቀረሁ» ብለው ይጀምሩ፤ ሲናገሩም እስኪጨርሱ አያርሟቸው። ስለ መኪናው ደንብ የነገርኩዎትን የሚናገሩት ከዚያ በኋላ፣ ምናልባትም በሌላ ቀን ነው። ዝምታው ከቀጠለና ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት የሚያስገቡ ከሆነ፣ ጉዳዩ በእናንተ በሁለታችሁ ላይ ይወሰን፤ ሽማግሌው በአሠልጣኙ ላይ ፍርድ እንዲሰጥ አይቀመጥ።

ሩጫውስ? ባለቤትዎ የቀረባቸውን ምኞት በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ አባት ከልጁ ጋር የሚካፈለውን አንድ ነገር ማጣቱ ኀዘን አለው። ደስ የሚለው፣ በሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች የአገር አቋራጭ ሩጫ በመኸር፣ የአገር አቋራጭ ስኪ በክረምት፣ የትራክ ውድድር በጸደይ ስለሚካሄድ ብዙ ልጆች ሁሉንም ይሠራሉ፤ ሩጫውም ስኪውም የልብና የሳንባ ጽናት የሚፈትኑ በመሆናቸው አንዱ ሌላውን ያግዛል። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010ም በቫንኩቨር የተወዳደረው በዚሁ በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። አባትየው የበጋውን የሩጫ ልምምድ እንዲመሩለት ልጁ ራሱ ቢጠይቃቸው፣ እርስዎ ከሚሉት ሁሉ የበለጠ ይሰማል። አስመስሎ እንዲጠይቅ ግን አያዙት።

እገዳውን በሚመለከት፣ ልጁ ልምምዱን ሳያቋርጥ በሁለቱም የውድድር ቀናት ተገኝቶ ለቡድኑ ጃኬት በመያዝ ወይም በሌላ ሥራ እንዲያግዝ ክለቡ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ ከአሠልጣኙና ከሌላ የክለቡ ኃላፊ ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ ጥያቄዎቻችሁንም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩ፦ ልጃችን ከልምምድ የሚያመጣው ባጣ ጊዜ ደንቡን ሳይጥስ እንዴት ይመለሳል፣ በእኛ ሠፈር በኩል የሚሄድ ሌላ ወላጅ አለ ወይ፣ የእገዳው ውሳኔ እንዴት ተሰጠ፣ ከእንግዲህ ደንቦችና ማስታወቂያዎች በልጁ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለእኛ ሊላኩልን ይችላል ወይ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ አዋቂ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጁ ቢገኝም ስለ ራሱ ብቻ ይናገር። ባለቤትዎ ስለ ጩኸታቸው ይቅርታ ይበሉ አይበሉ ለእርሳቸው ይተዉላቸው። አልሄድም ካሉ ብቻዎን መሄድ ይችላሉ፤ ግን ቀኑንና የሚጠይቁትን ከመሄድዎ በፊት ይንገሯቸው፣ የተባሉትንም በዚያው ቀን ያካፍሏቸው።