ለበረራ ትምህርት ሙሉ ክፍያ ቀድሞ መክፈል

ጥያቄ፦ 20 ዓመቴ ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። ውሉ ሙሉ ክፍያው ትምህርት ሳይጀመር እንዲገባ ይጠይቃል፤ አንዴ ከገባ አይመለስም። ገንዘቡ የባንክ ብድር ነው። እናቴ ዋስ ሆና ቤታችንን ልታስይዝልኝ ነው። ውሉን ልፈርም? ስመለስስ ላይሰንሱ አገሬ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ እንዳለ አትፈርሚው። ከላይሰንሱ ልጀምር።

ብዙ ሰው የፓይለት ላይሰንስ አንዴ ከተያዘ የትም የሚሠራ ይመስለዋል። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 33 አገሮች አንዱ የሌላውን ላይሰንስ እንዲቀበል ያስገድዳል፤ ግን አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የሰጠውን ወይም ያጸደቀውን ነው። ስለዚህ አገርሽ ላይ የተመዘገበ አውሮፕላን ለማብረር የአገርሽ ሲቪል አቪዬሽን ላይሰንስሽን ማጽደቅ ወይም በራሱ ላይሰንስ መቀየር አለበት። መለኪያው ደግሞ አንድ አይደለም። የንግድ አብራሪ ለመሆን ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት 200 የበረራ ሰዓት ነው፤ በጸደቀ ሥልጠና 150። አሜሪካ ግን በመደበኛው መንገድ 250 ትጠይቃለች። አሜሪካ ተምረሽ አውሮፓ አየር መንገድ ልግባ ብትዪ፣ የአውሮፓን 13 የቲዎሪ ፈተናዎች መውሰድ አለብሽ። ለሲቪል አቪዬሽኑ አሁኑኑ ጻፊና የዚያን ትምህርት ቤት ሥልጠና ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሺ። የትምህርት ቤቱ የገበያ ሠራተኛ «ችግር የለም» ቢልሽ ወረቀት አይሆንሽም።

ለንግድ አብራሪ የሚጠየቀውን አንደኛ ደረጃ የሕክምና ምርመራም ለትምህርት ቤቱ ከመክፈልሽ በፊት አድርጊ። ዓይንሽ ወይም ልብሽ ካላለፈ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ውሉ። የላክሽልኝ ቅጂ ላይ ከሁሉ ያስደነገጠኝ «በአየር ጠባይ፣ በአውሮፕላን ጥገና ወይም በአስተማሪ እጥረት ለሚፈጠር መዘግየት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ አይሆንም» የሚለው ነው። አየር ጠባይ ይሁን፣ እሺ። ጥገናና አስተማሪ ግን የማን ሥራ ነው? አንቺ ሰማዩ ጠርቶ፣ አውሮፕላኑ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ሦስት ወር ትቀመጫለሽ። የቤት ኪራይ ይቆጥራል፣ ቪዛሽም ይቆጥራል። ሁለቱን ቃላት አሰርዢ። ካልሆነ ከተወሰነ ቀን በላይ ከዘገየ ውሉን አቋርጠሽ ያልበረርሽበትን ክፍያ የምታስመልሺበት አንቀጽ ይግባልሽ። ዋጋው የተሰላው በዝቅተኛው ሰዓት መሆኑንም ልብ በዪ። ብዙ ተማሪ ከዚያ በላይ ይበራል፤ ጭማሪው ሰዓት በስንት እንደሚታሰብ ይጻፍ።

ሙሉ ክፍያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ቢከስር አንቺ መያዣ የሌለሽ ገንዘብ ጠያቂ ነሽ። ሜዳው ላይ ተሰልፈው የምታዪያቸው አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ ወይ የኪራይ ናቸው፣ ወይ በሌላ ብድር የተያዙ። መያዣ ያላቸው ቀድመው ይወስዳሉ፤ ወረፋው አንቺ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚቀር ነገር አይኖርም። «አይመለስም» የሚለውን ቃል በብዙ አገር የሸማቾች ሕግ ሊያፈርሰው ይችላል። ነገር ግን ውልሽ ክርክሩን ለእነሱ ፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ ቪዛሽ አልቆ እዚያ ሄዶ መካሰስ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ክፍያው በምዕራፍ ይከፋፈል፦ ለብቻ እስክትበሪ፣ የግል አብራሪ ላይሰንስ እስክታገኚ፣ ከዚያ የመሣሪያ በረራ (ውጭ ሳይታይ በመሣሪያዎች ብቻ እየተመሩ መብረር)፣ በመጨረሻ የንግድ ላይሰንስ። አንሰማም ካሉ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጊ። እውነቴን ነው።

ባንኩም በዚሁ ልክ ይልቀቅ። ብድሩ ራሱን የቻለ ውል ነው፤ ሙሉውን አንዴ ካስተላለፈ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ዕዳው ያንቺው ነው። የዋስትና ወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ፣ ባንኩ አንቺን ሳይነካ በቀጥታ እናትሽ ላይ መሄድ ይችላል። የዋስትናው ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ፤ ወለድና ቅጣት በውስጡ መሆን አለመሆኑም ይለይ።

አንድ ነገር ይቅር በዪኝና ልጨምር። እስካሁን የመከርኩት አንቺን ነው። እናትሽ ሳይፈርሙ በፊት ሌላ ጠበቃ ለብቻቸው ያነጋግሩ፤ አንቺም አብረሽ አትግቢ።