ምንጩን ያስያዙት እቴጌ

ልጆቼ፣ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እናንተ አሁን ጠመኔ የያዛችሁ ወጣት መምህራን ናችሁና፣ ከጥፋቶቼ አንዱን ልንገራችሁ።

ማርች 8 ሲደርስ ሴት ተማሪዎችን ብቻ ሰብስቤ ስለ ጀግና ሴቶች እተርክ ነበር። ወንዶቹ ኳስ ይጫወታሉ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ! አንድ ዓመት ግን አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ እግሩ ወለም ብሎት ከጨዋታ ቀረ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

የዚያን ቀን ወሬዬ የመቀሌው ከበባ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጓል። ምሽጉ በቀላሉ የሚደፈር አይደለም። የሚጠጡት ውኃ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። እቴጌ ጣይቱ ይህን አይተው ምንጩ ይያዝ አሉ፤ የራሳቸውን ወታደሮች ላኩ። ጣሊያኖቹ ሁለት ሳምንት ያህል በጥም ተቃጥለው ምሽጉን ለቀቁ።

ልጁ በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ «ቲቸር፣ ይሄን ለኛ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ። ምን ልበለው? ዐድዋን ሳስተምር ጣይቱን «የምኒልክ ባለቤት» ብዬ በአንድ መስመር ነበር ያለፍኳቸው።

ስለዚህ ለብቻ ቀን አትጠብቁ። ታሪኩ ቦታው ሲደርስ ይነገር። የፋሺስት ወረራ ላይ ስትደርሱ ስንዱ ገብሩን አንሱ። ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረው ነበር። ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ደግሞ «ጀግና ነበሩ» ብላችሁ አትለፉ። ልጅ ውዳሴ ቶሎ ይረሳል፣ የተሠራውን ነገር ግን ይይዛል። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን እንደዞሩ ንገሯቸው። ወንዶቹ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ መቼ እንዳመለጠቻት ነው። መልሱን ይዛችሁ ግቡ፤ የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል ነው።

እኔ በሚቀጥለው ሳምንት የመቀሌውን ትምህርት ለሁሉም ደገምኩት። ሴቶቹ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ነግረውናል!» ብለው አጉረመረሙ። እውነታቸውን ነው። ጠመኔውን ሰጥቻቸው ወንዶቹ መሀል ሄጄ ተቀመጥኩ።