ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ጓሮ አትክልት፦ ከድንችና ከቆስጣ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። «አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ጠባብ ግቢ አለችን፤ ከአራት ዓመቷ ልጄ ጋር በፀደይ አትክልት መትከል አምሮኛል፤ ምን ይሻለኛል? ልጅቷስ ቶሎ ትሰለች ይሆን?» ያልሽውን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ቀበና ነኝ። ከልጄ ጋር መትከል የጀመርነው እሱም አራት ዓመቱ ሳለ ነው፤ አሁን ስድስት ሆኖታል።

መጀመሪያ ወቅቱን እናጥራ። በእኛ አቆጣጠር ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን መስከረምንም ፀደይ ይለዋል። ለልጅ የምመርጠው የበልጉን ነው። የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ከጀመራችሁ የበልግ ዝናብ ያግዛችኋል፣ ድንቹም ዋናው ክረምት ሳይገባ ይደርሳል። ሐምሌ ላይ የደረሰ ድንች ግን ቅጠሉን ምች እየመታው ይጠቁራል። መስከረም ላይ ብትጀምሪም ይሆናል፤ ብቻ ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሁሉ ከእጅሽ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለልጅ ስትመርጪ የልጅቷን እጅና ትዕግሥት እያሰብሽ ምረጪ። እኔ የመጀመሪያው ዓመት በቲማቲም ጀምሬ ተሳስቻለሁ። ብዙ ወር ጠበቅን፤ ገና አረንጓዴ ሳለ ዝናቡ መጣና ፍሬው ላይ ጠባሳ እየወጣ ረገፈ። ልጄ በየቀኑ «ዛሬ ይቀላል?» እያለ ሲጠይቀኝ የምመልስለት አጣሁ። ካሮትም ዘሩ እንደ አቧራ ነው፣ ከትንሽ ጣት ያመልጣል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። አተርና ባቄላ ግን ዘራቸው ለእጇ ይመቻል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ብቅ ይላሉ። ሁለት ፍሬ በብርጭቆ እርጥብ ጥጥ ላይ አድርጊላት። እሱን እንደፈለገች ትነካካ፣ ሥሩንም ትይ፤ መሬት የገባውን ለማየት መቆፈሯን ትተዋለች።

ድንቹን በማዳበሪያ ከረጢት ትከሉ። የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ሥሩን በብዙ ቦታ ቀደሽ፣ አፉን ወደ ውጭ ጠቅልለሽ ሲሶውን አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ሙዪው። ዓይን ያወጡ ሦስት ድንቾች ዓይናቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጡና አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር ይልበሱ። ግንዱ አንድ ስንዝር ባደገ ቁጥር ማዳበሪያውን ትንሽ ትፈቺና አፈር ትጨምሪያለሽ። ገበሬ ይሄን ማስታቀፍ ይለዋል። ለልጄ ቃሉን ስነግረው ማዳበሪያውን በሁለት እጁ እቅፍ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ዛሬ እናስታቅፈዋለን?» ማለት ሆነ ሥራው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሸራ ዘርግተን ገለበጥነው። ከሦስት ድንች ሃያ አንድ ወጣ፤ አንዳንዱ ከብይ አይበልጥም ነበር። ብዮቹን ለብቻ አስቀቅሎ ለጎረቤት እማማ ወሰደላቸው። አረንጓዴ የሆነ ድንች ካያችሁ ግን አይበላም፣ መርዝነት አለው።

ቆስጣ ደግሞ የዕለት ተዕለት ደስታ ነው። ዘር የምትይው ፍሬ ውስጡ ከአንድ በላይ ዘር ስላለው ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል፤ ልጆች ይሄን ሲያዩ ይገረማሉ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሪው፣ በጣት አንድ አንጓ ያህል ጥልቀት ይቀበር። ሲበቅል ደካማውን ማሳሳት አለብሽ፤ ልጅሽ ከከፋት የተነቀለውን በሌላ ባልዲ ትትከለው። ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው ከውጭ ያለውን ቅጠል ብቻ እየቆረጣችሁ መሃሉን ተዉት፣ ደጋግሞ ይሰጣል። አምና ሚያዝያ ላይ በረዶ ወርዶ ቅጠሉን ሁሉ ወንፊት አድርጎት ልጄ አለቀሰ። መሃሉ ስላልተነካ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደገና አቆጠቆጠ።

ይሄን ሁሉ የምለፋው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በከተማችን ወንዞች ዳር በፍሳሽ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ገበያ እንደሚገባ እናውቃለን። የልጄ ሳህን ላይ የሚቀርበው አንዱ እንኳ ከየት እንደመጣ ማወቄ እረፍት ይሰጠኛል።

ለማጠጫ የሃይላንድ ክዳን በምስማር በስተሽ ስጫት፤ በጆግ ስታፈስ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ጎመን ከተከላችሁ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) አይቀርም፣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ በቀላል የሳሙና ውሃ እጠቡት። ትኩስ ፍግ አትጠቀሚ፣ የወስፋት እንቁላል አይጠፋበትም፤ እጇንም ከሥራ በኋላ በሳሙና ትታጠብ። ከሁሉ በፊት ግን ግቢውን ዙሪና ጉሎና አስተናግር ካለ ነቅለሽ አርቂ። የሁለቱም ፍሬ መርዝ ነው፣ በየአጥሩ ሥር በራሱ ይበቅላል።

ትሰለች ይሆን ላልሽው፣ የራሷ የሆነ መደብ ስጫት፤ አንድ ባልዲም ቢሆን። እኔ አንዴ ልጄ ያጣመመውን መስመር ማታ እሱ ሲተኛ አስተካክዬ ዘራሁት። ጠዋት አይቶ «ይሄ የኔ አይደለም» አለኝ፤ ሳምንት ሙሉ ወደ ጓሮ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አልነካበትም። አንድ ቦታ አሥር ፍሬ ቢደፋም ይበቅላል፣ አብራችሁ ታሳሱታላችሁ።

የቆስጣ ዘር ተርፎኛል፤ ወደ ቀበና ብቅ ካልሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ለእሷም ለብቻዋ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጥላታለሁ።