ምርመራ ያለፈ ሁሉ ንጹህ አይደለም

ይህን የምጽፈው ብስክሌትን ሙያችሁ ልታደርጉ ለተነሳችሁ ልጆች ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በስፖርት ሕክምና ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ምርመራ እያለ ብስክሌተኞች እንዴት አሁንም የተከለከለ መድኃኒት (ዶፒንግ) ይወስዳሉ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ምርመራው የሚያየው በዚያች ሰዓት ሰውነት ውስጥ ያለውን ነው። የሚወስደው ሰው ደግሞ ሰዓት ያውቃል።

ኢፒኦን እንይ። ቀይ የደም ሴልን የሚያበዛ ሆርሞን ነው። ደም ብዙ ኦክስጅን ይሸከማል፣ እግር ቶሎ አይዝልም። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብስክሌቱን ሲያጥለቀልቀው የሚለየው ምርመራ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1997 የሄማቶክሪት (ከደም ውስጥ የቀይ ሴል ድርሻ) ጣሪያ 50 በመቶ ይሁን አለ። ምን ተፈጠረ መሰላችሁ? ጣሪያው ዒላማ ሆኖ አረፈ። ደማቸውን በራሳቸው ማሽን እየለኩ ወደ 50 ይጠጋሉ። ካለፉ በደም ሥር የጨው ውሃ ወስደው ደማቸውን ያቀጥናሉ።

ኢፒኦን የሚለየው የሽንት ምርመራ ሲመጣም መጠኑን ቀነሱ። ማታ ትንሽ በደም ሥር፣ ጠዋት ምንም የለም። ሌሎቹ ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመለሱ፤ የራስን ደም አስቀድቶ ማስቀመጥና በውድድር ሰሞን መልሶ መውሰድ። ያ ደም የራሱ ስለሆነ ላብራቶሪ በቀጥታ ለመለየት ዛሬም ይታገላል። በ2008 የተጀመረው ባዮሎጂካል ፓስፖርት የደም ቁጥሮችን ለዓመታት ስለሚከታተል ድፍረቱን ቀንሷል። እኔ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። ግን ጎበዝ ሐኪም የያዘ ሰው በትንሽ በትንሹ ከመስመሩ ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል።

ትልልቆቹን ቅሌቶች ማን እንዳወጣቸው ልብ በሉ። በ1998 ፌስቲና የሚባለውን የብስክሌት ቡድን ያጋለጠው ጉምሩክ ነው፤ የቡድኑ ወጌሻ መድኃኒት የጫነ መኪና ይዞ ፈረንሳይና ቤልጂየም ድንበር ላይ ተያዘ። በ2006 ዶክተር ፉዌንቴስ የተባለ ስፔናዊ ሐኪም ለስፖርተኞች ያስቀመጣቸውን የደም ከረጢቶች ማድሪድ ላይ ያገኘው የስፔን ፖሊስ ነው። በ2019 በጀርመኗ ኤርፈርት ከተማ የአንድ ሐኪም የዶፒንግ መረብ የተበጠሰው በፖሊስ ነው፤ ብስክሌተኞችም ነበሩበት። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ አርምስትሮንግ ስንቴ ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም እያለ ኖሮ በ2012 በትልቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ ያገኛቸውን 7 ድሎች ያስነጠቀው በዋናነት የቡድን ጓደኞቹ ምስክርነት ነው።

እናንተ ከሻምፒዮኖቹ በፊት የክሪስቶፍ ባሶንን ስም ብታውቁ ደስ ይለኛል። በዚያው በፌስቲና ቡድን እያለ አልወስድም ያለ ልጅ ነው። በ1999 ቱር ላይ ስለ ዶፒንግ በይፋ ተናገረ። የሚያዋራው ጠፋ፣ አርምስትሮንግም ፊት ለፊት ተጋፈጠው፣ ውድድሩን አቋርጦ ሄደ። ጫናው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ አብሮህ ከሚበላው፣ አብሮህ ከሚያድረው። በዚያ ላይ ኮንትራቱ አጭር ነው። ስፖንሰር ከወጣ ቡድኑ ራሱ ይፈርሳል። በዓመቱ መጨረሻ ሥራ የሚያጣ የ23 ዓመት ልጅ ለማሳመን ብዙ አያስቸግርም።

ደግሞ ማንም በኢፒኦ አይጀምርም። የሚጀመረው «ለድካም ነው» በሚባል የቫይታሚን መርፌ ነው። መርፌው ራሱ ላይጎዳ ይችላል። ክንድህን መስጠት ግን ትለምዳለህ፣ መጠየቅም ትተዋለህ። ዓለም አቀፉ ማኅበር በ2011 ያለ ሕክምና ምክንያት መርፌን የከለከለው ወዶ አይደለም። ስለዚህ ጠይቁ፤ ስሙ ምንድን ነው? ማን አዘዘው? ፋይሌ ላይ ተጽፏል? «አንተ ፔዳልህን ምታ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ሌላ ቡድን መፈለግ ጀምሩ። ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊትም ከዚያ ቡድን የለቀቁ ልጆችን አነጋግሩ። ያሉት አይነግሯችሁም፣ የለቀቁት ግን ያወራሉ።

ምርመራውን አማሁት ብላችሁ እንዳትንቁት ደግሞ። የከፍተኛ ደረጃ ተመርማሪ ስትሆኑ በየቀኑ የምትገኙበትን ቦታና የ60 ደቂቃ ሰዓት ታስመዘግባላችሁ። ይህን ራሳችሁ ሙሉ፣ ለቡድኑ ሰው አትተዉ። ሆቴል ሲቀየር፣ በረራ ሲዘገይ እዚያው ስልካችሁ ላይ አስተካክሉ። በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ከጠፋችሁ፣ አንዲት ክኒን ባትውጡም ትታገዳላችሁ። የሆቴሉ ስም ተሳስቶ ነው ብላችሁም በቀላሉ አታመልጡም።